አሸዋ ላይ የተኛው ወይን

ናርቦን አጠገብ፣ ፈረንሳይ
ማርች 5 ቀን 1967

ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ ኤርመሊንዳ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ከደጅዎ አይራቅ፤ የባሕሩም ነፋስ ጉልበትዎን አይንካው። እኔ የወንድምዎ ልጅ ዜፈሪኖ በሕይወት አለሁ። በልቼ አድራለሁ፤ ጣሪያው የማያፈስ ቤት ውስጥ ከስፔን ሰዎች ጋር እተኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ የላክሁት በፖስታ ሳይሆን ወደ ሊዝቦን በሚመለስ ሰው እጅ ስለሆነ ሳልፈራ እጽፋለሁ። ከገና በፊት ድምፄን አጥፍቼ የወጣሁት ጠልቻችሁ አይደለም። የጦር ጥሪው ወረቀት ሊደርሰኝ ነበር። የዱዋርቴ ልጅ ከአንጎላ ጦርነት በሣጥን ሆኖ ሲመጣ አብሬ ተሸክሜዋለሁ። ያን ሣጥን ከተሸከምኩ በኋላ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። ተራራውን በእግሬ አቋርጬ ወጣሁ። ለአባቴ ብነግረው «አትሂድ» ይለኝ ነበር፤ እንዲያ ካለኝ ደግሞ እቀር ነበር።

ሥራ ያገኘሁት ወይን እርሻ ላይ ነው። ይሥቁብኝ ይሆናል፤ ከወይን ሸሽቼ ወይን ላይ ወደቅሁ። ግን እንደኛ አይደለም። ግንዱ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሞ በሽቦ ተይዟል፤ በመካከሉ ትራክተር ያልፋል። የኛ መንደር ተሰብስቦ በዓመት የሚያወጣውን እዚህ አንድ ባለርስት በሳምንት ያወጣዋል።

አለቃችን ሙሴ ራቲዬ ይባላሉ፤ እዚህ «አቶ» ለማለት «ሙሴ» ይላሉ። ጢማቸው ትልቅ፣ ሣቃቸው ከጢማቸው የበለጠ ነው። አንድ ቀን «አንተ ፖርቱጋሌው፣ አገርህ ወይን ገርዘህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አዎን ሙሴ፤ ግን ተንበርክኬ ነው። የኛ ወይን መሬት ላይ ነው የሚተኛው።»

«ለምን? ሰክሮ ነው?» ብለው ሠራተኛውን ሁሉ አሳቁብኝ።

አክስቴ፣ አባቴ ስለ እኔ ምን አለ? ያ የሊዝቦን ኢንጂነርስ አሁንም ቤት ልሥራበት ብሎ የሟች እናቴን የወይን አሸዋ ካልገዛሁ ይላል? እንዲያ ከሆነ አባቴ ይሽጥለት። እውነቱን እንነጋገር፤ ድድ የሚያኮማትር ወይን ለማውጣት ሰው ዕድሜውን ለምን አሸዋ ውስጥ ይቀብራል?

እጅዎን የሚስም፣
ዜፈሪኖ


ካዛል ዶ ሙሽጎ፣ ኮላሬሽ፣ ፖርቱጋል
ኤፕሪል 22 ቀን 1967

ለወንድሜ ልጅ ለዜፈሪኖ፣

የእመቤታችን ምልጃ ከራስህ፣ ደረቅ ጫማም ከእግርህ አይለይ። ደብዳቤህ ደርሶኝ ከምድጃው አጠገብ ቆሜ አነበብኩት፤ ሾርባው አረረ።

እኔ የምልክልህ በፖስታ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ሁለት አንባቢ እንዳለው አትርሳ። ዘቦች መጥተው ስላንተ ጠይቀውን ነበር። «ዓሣ ሊያጠምድ ሄዷል» አልኳቸው። «የት?» አሉኝ። «ዓሣ ያለበት» አልኳቸው። እኔን እንደምታውቀኝ ነኝ፤ አልተለወጥኩም።

አሁን ወደዚያ ምላስህ ልምጣ። «ድድ የሚያኮማትር ወይን» ብለህ ጻፍክልኝ! ይህን የጻፈ እጅ ከዚህ ቤት ዳቦ ቆርሶ ያደገ ነው? ላልታሸ ቆዳ ማን ጫማ ይለዋል? በርሜል ውስጥ ዓመታት ሳይቀመጥ፣ ከዚያም ጠርሙስ ውስጥ ተረስቶ ሳይከርም የቀመስከው ወይን ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ ይናከሳል። አንተም ትናከስ ነበር።

ለሙሴህ እንዲህ በልልኝ። ወይናችን የተኛው ሰክሮ ሳይሆን ቀና ያለውን ነፋሱ አንገቱን ስለሚቆርጠው ነው። ከውቅያኖሱ የሚመጣውን ጨው ያዘለ ነፋስ እሳቸው አያውቁትም። እኛ በየእርምጃው የሸምበቆ አጥር እናቆማለን፤ እሱም አይበቃም። ወይኑ ግን ብልህ ነው፤ ዝቅ ብሎ ይኖራል። በኦገስት አሸዋው እንደ ምጣድ ሲግል ዘለላው እንዳይቃጠል ተንበርክከን በየሐረጉ ሥር የሸምበቆ ምርኩዝ እናቆምለታለን። የትኛው ንጉሥ ነው እንዲህ የሚደገፈው?

ከዚያ ደግሞ ይህን ጨምርላቸው። በቅድመ አያትህ ዘመን ያ የሥር ቅማል ከአሜሪካ መጥቶ የፈረንሳይንም የፖርቱጋልንም ወይን ማገዶ አድርጎት ነበር። የሙሴህ አያቶች የቀራቸው አልነበረም። ዛሬ እዚያ የምትገርዘው ወይን ሁሉ እግሩ የተውሶ ነው፤ ቅማሉ በማይደፍረው በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የተቀጠለ ነው። የኛ የወይን ዘር፣ ራሚሽኮ፣ ግን በራሱ ሥር እንደቆመ ነው። ለምን በለኝ። ቅማሉ አሸዋ ውስጥ መንገድ ማውጣት አይሆንለትም፤ በቆፈረ ቁጥር በላዩ ይናድበታል። ቅድመ አያቶችህ ግን ቆፈሩ። አሸዋውን አልፈው ከታች ያለው ሸክላ አፈር እስኪደርሱ ቆፍረው ወይኑን እዚያ አቆሙት። እግሩ ርጥብ ሸክላ ውስጥ፣ ገላው አሸዋ ውስጥ፣ ፊቱ ወደ ባሕር ነው። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ወይን ካለ አሳየኝና አፌን እዘጋለሁ።

ስለ አባትህ ጠይቀኸኛል። ደህና ነው። ይበላል፤ ይተኛል። ኢንጂነሩ በመኪና ይመላለሳል፤ አባትህ እሺም እምቢም አላለውም።

አክስትህ፣
ኤርመሊንዳ


ናርቦን አጠገብ
ጁላይ 2 ቀን 1967

ለተከበሩት አክስቴ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ፤ ጓዳዎ አይጉደል።

የጻፉትን አንድም ሳላስቀር ለሙሴ ራቲዬ ነገርኳቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። ዳቦአቸውን አስቀምጠው ሲያዳምጡኝ ቆዩና «በገዛ ሥሩ የቆመ ወይን? ከአሸዋ? ውሸትህን ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ሙሴ አሸዋ» ሆኗል። «ሙሴ አሸዋ ውሃ አምጣ፣ ሙሴ አሸዋ ቅርጫት ያዝ» ይሉኛል። በፊት ቢሆን እሥቅ ነበር። አሁን ግን፣ እንጃ፣ ያበሽቀኝ ጀምሯል። የናቅሁትን ነገር ሌላ ሰው ሲንቀው ደሜ ፈላ።

እባክዎ መንገደኛ ካገኙ አንድ ጠርሙስ ይላኩልኝ። ልጅ ያልሆነውን።

ስለ አባቴ «ይበላል፤ ይተኛል» ብለው ጻፉልኝ። በሬም ይበላል፤ ይተኛል። እኔ የጠየቅሁት ስሜን ይጠራል ወይ ነው።

የእርስዎ፣
ዜፈሪኖ


ካዛል ዶ ሙሽጎ
ኖቬምበር 12 ቀን 1967

ለዜፈሪኖ፣

ቅዱስ ማርቲን ይጠብቅህ። ትናንት በዓሉ ነበር፤ የጫካ ለውዝ ጠብሰን አዲሱን ወይን ቀመስን። ልቤ ግን እዚያ አልነበረም።

ስቆይብህ ምን እንዳሰብክ አውቃለሁ። አባትህ እንዳልጽፍልህ አስምሎኝ ነበር። አሁን ራሱ ስለፈቀደልኝ እነሆ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

በኦገስት መጨረሻ ምሳውን ይዤለት ወደ እናትህ አሸዋ ወረድኩ። ምርኩዞቹን ሲያስተካክል አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። የለም። ጮህኩ፤ የለም። ከኋለኛው የሸምበቆ አጥር ማዶ ስሻገር አዲስ ጉድጓድ አየሁ፤ ረጅም፣ ጥልቅ፣ ለአዲስ ተክል የሚቆፈረው ዓይነት። አንደኛው ግድግዳ ተንዷል። ኮቱ ዳር ላይ ተንጠልጥሏል። ሰው የለበትም።

እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም። ልብስ ማጠቢያው ጋ የነበሩት ሴቶች ሰሙኝ። ኢዳሊናና ግራሲንዳ ቀድመው ደረሱ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አካፋ አልነካንም፤ አካፋ ራሱን ይመታዋል ብለን። በእጃችን፣ በልብስ ገንዳ፣ በቀሚሳችን ጫፍ አሸዋውን ዛቅን። የዛቅነው ተመልሶ ይናድ ነበር። በኋላ የግራሲንዳ ጥፍር ከሸምበቆ ጋር ተጋጨ።

ቅርጫቱ ነበር! ብቻውን ሲቆፍርም እንደ አባቶቹ ቅርጫት በራሱ ላይ ደፍቶ ነበር። አሸዋው ሲውጠው ቅርጫቱ ፊቱ ላይ ወርዶ ትንሽ ትንፋሽ አቆየለት። ቅርጫቱን ስናነሣው ዓይኑን ከፈተ፤ አሸዋ ተፋ፤ ከዚያ «ቀስ በሉ፤ ያኛውን ግድግዳ እንዳታፈርሱት» አለ። ኢዳሊና በሣቅና በልቅሶ መሐል «ይኼ ሰውዬስ አልሞተም!» አለች።

ዳሌው ተሰብሯል። ሐኪሙ በምርኩዝ እንጂ ያለ ምርኩዝ አይሄድም ብሏል።

አንድ ቀን አልጋው አጠገብ ተቀምጬ «ኩስቶዲዮ፣ አሸዋውን ልትሸጥ የምታስብ ሰው አዲስ ጉድጓድ ለማን ትቆፍራለህ?» አልኩት። ወደ ግድግዳው ዞረ። እንዲህ ያለ ተክል ምርት የሚሰጠው ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ግን አንተም ታውቃለህ። ያባትህንም ዕድሜ ታውቃለህ።

ባለፈው ሳምንት ኢንጂነሩ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ከሄደ በኋላ አባትህ «እኔ ከእንግዲህ አልቆፍርም። ግማሹ የእናቱ ድርሻ ስለሆነ የልጁ ነው። ልጁን ጠይቂው። ይሸጥ ካለ ይሸጥ» አለኝ።

ስምህን አልጠራም። «ልጁን» ነው ያለው።

እነሆ ጠየቅሁህ። እኔ የማስበውን አልጽፍልህም።

አክስትህ፣
ኤርመሊንዳ


ናርቦን አጠገብ
ዲሴምበር 1 ቀን 1967

አክስቴ፣

ደብዳቤዎን ወይን ረድፍ መሐል ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ገረዝኩ፤ የትኛውን ቅርንጫፍ እንደቆረጥኩ አላውቅም።

መምጣት አልችልም፤ ያውቁታል። ብመጣ ከድንበር አያሳልፉኝም፤ ቢያሳልፉኝም ወደ ቤት አይደለም። እኔ ብኖር ጉድጓዱን የምቆፍረው እኔ ነበርኩ፤ አባቴ ዳር ላይ ቆሞ ይሰድበኝ ነበር።

ይሸጥ። እስማማለሁ። በወይን ምክንያት አባቴን ሁለቴ መቅበር አልፈልግም። ኢንጂነሩ በረንዳውን ይሥራበት፤ ባሕሩን ይይበት። አባቴ ሊዝቦን ሄዶ በጥሩ ሐኪም ይታይ። ሴቶቹን ሁሉ፣ በተለይ ግራሲንዳን፣ እጃቸውን ይሳሙልኝ።

ዜፈሪኖ


ካዛል ዶ ሙሽጎ
ኤፕሪል 3 ቀን 1968

ለወንድሜ ልጅ ለዜፈሪኖ፣

ለፋሲካው በጤና ያድርስህ። እጄ ውሃ ቋጥሮ ድኖ፣ ድኖ ደግሞ ውሃ ቋጥሮ ስለነበር ብዕር አልያዘልኝም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ደብዳቤህ በደረሰ ሰሞን ልብስ ማጠቢያው ጋ ሆነን መልስህን ነገርኳቸው። ኢዳሊና አንሶላዋን ጨምቃ ጨርሳ «እና ያ ጉድጓድ አፉን እንደከፈተ ይቅር?» አለች።

ግራሲንዳ «ወንድ የታለና?» አለቻት።

«ወንዱማ ገሚሱ ፓሪስ ግድግዳ ይለስናል፣ ገሚሱ ባሕር ማዶ ተልኳል፣ የቀረው መሸታ ቤት ዶሚኖ ይጥላል። እኔ ስለ ወንድ አላወራሁም። ኩስቶዲዮን ያወጣው የማን እጅ ነው?»

«የኛ።»

«ሰው ከአሸዋ ያወጣ እጅ አሸዋ ከጉድጓድ ማውጣት ያቅተዋል?»

ዜፈሪኖ፣ ያን ጊዜ እኔ አንሶላዋን ከእጇ ተቀብዬ አሰጣሁላት። በማግስቱ ዘጠኝ ሴቶች አካፋ ይዘን፣ ቅርጫት በራሳችን ደፍተን በመሸታ ቤቱ ደጅ አለፍን። ሌላ መንገድ ጠፍቶ አይደለም፤ እንዲያዩን ነው። ያ ሴዚናንዶ በሩ ላይ ቆሞ «ሴት የገባችበት ጉድጓድ ወይኑ ኮምጣጤ ይሆናል!» ብሎ ጮኸ።

ኢዳሊና ዞር ሳትል «ያንተ ቤት ወይን ሚስትህ ሳትነካው ነው ኮምጣጤ የሆነው፤ እሱንስ ምን ነካው?» አለችው። ጓደኞቹ ዶሚኖውን ትተው ሣቁበት።

ለአባትህ አልነገርነውም ነበር። ወሬ ግን እግር አለው። በሦስተኛው ቀን በግራሲንዳ አማች ጋሪ ተጭኖ መጣ። «እብዶች! ቀሚሳችሁን ሸብ አድርጋችሁ ሞት ልትቆፍሩ ነው? ውጡ! አሁኑኑ ውጡ!» አለ። ማንም አልወጣም። ጋሪው ላይ እንደተቀመጠ ቁፋሯችንን ተመለከተ። ከዚያ በድንገት «ግራሲንዳ! ግድግዳውን እንደ ዳቦ ቀጥ አድርገሽ አትቁረጪው፤ ይውጥሻል! አጋድመሽ፣ ዳገት አድርጊው!» ብሎ አንባረቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልቀረም። ዝናብ ሲሆን ጆንያ ለብሶ፣ ነፋስ ሲሆን ባርኔጣውን በገመድ አስሮ ይመጣል። ከማለዳ እስከ ማታ ይሰድበናል። እንደዚያ ደስ ብሎት ካየሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል።

ክረምቱን ሙሉ ቆፈርን። ባሕሩ የሚያገሳበት ቀን አሸዋው ከሥራችን ሲንቀጠቀጥ ይሰማናል። ተራ በተራ ነበር የምንወርደው። በማርች መጀመሪያ ተራው የኔ ሆነ። አካፋዬ ከታች ሲያርፍ ድምፁ ተለወጠ። አሸዋ ይንሾካሾካል፤ ይህ ግን ዝም አለ። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ፣ ርጥብ፣ የሚጣበቅ ነው። አንድ እፍኝ ይዤ ወጣሁና ለአባትህ ሰጠሁት። አሸተተው፤ ከዚያ ምላሱ ላይ አደረገው። «ደርሰሻል» አለኝ። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ወደ ሰማይ ወረወሩ፤ የኢዳሊናን ነፋስ ወስዶት እስከ ገደሉ አባረረችው።

የተከልነው ከአሮጌው የእናትህ ግንድ የተቆረጠውን ነው። እግሩን ሸክላው ላይ አድርገን ጥቂት አሸዋ መለስንበት። እያደገ ሲሄድ በየዓመቱ እየሞላንለት ጉድጓዱ ይደፈናል።

ኢንጂነሩ ሜትሩን ይዞ ሲመጣ አባትህ «ይቅርታ ኢንጂነር፤ እዚህ ቤት ተሠርቶበታል» አለው።

«የታለ?» አለ ሰውዬው ዙሪያውን እያየ።

«ከመሬት በታች ነው።»

አሁን አንተ የምትፈልገውን ልጻፍልህ። ያን ቀን ስንመለስ ደብዳቤህን እንደገና አንብቢልኝ አለኝ። አነበብኩለት። «ይሸጥ» የሚለው ጋ ስደርስ እጁን አነሣ። «ዜፈሪኖ ወይኑን አያውቀውም» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለጋውን ብቻ ነው ያጠጣሁት። ጠርሙስ ላኪለት። የእናቱን።»

ስምህን ጠራ። በሩ ጋ ደርሼ አለቀስኩ።

ጠርሙሱን የኢዳሊና ምራት ወደ ባሏ ወደ ፈረንሳይ ስትሄድ ይዛልህ ትመጣለች። እናትህ በሕይወቷ መጨረሻ የለቀመችው ነው፤ የ1955። ቆመህ እንዳትጠጣው። ክፈተውና ታገሠው። መጀመሪያ ይቆጣል፤ ቁጣው እስኪበርድለት ጠብቅ።

አክስትህ፣
ኤርመሊንዳ


ናርቦን አጠገብ
ጁላይ 14 ቀን 1968

ለተከበሩት፣ ለጀግናዋ አክስቴ፣

የእጅዎ ቁስል ይዳን፤ የነካው ሁሉ ይጽደቅ። እዚህ አገር ፖስታውም ባቡሩም በአድማ ሥራ አቁሞ ስለነበር ደብዳቤዎና ጠርሙሱ የደረሱኝ ሳምንታት ዘግይተው ነው።

ጠርሙሱን ብቻዬን ልጠጣው ነበር። ግን «ሙሴ አሸዋ» ሆኜ መቅረት አልፈለግሁም። እሑድ ዕለት ሙሴ ራቲዬ ግቢያቸው ውስጥ በወይን ጭራሮ ሥጋ ሲጠብሱ ይዤው ሄድኩ። ስፔኖቹም ነበሩ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው የሙሴ እናት ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ቡሹን አወጣሁ። ቀለሙ ጥቁር አይደለም፤ ልጅ ሆኜ እንደማውቀው ምላስ የሚያጠቁር አይደለም። እንደ አሮጌ ጡብ ነው፤ ዳርና ዳሩ ወርቅ ይመስላል። ሙሴ ራቲዬ ተቻኩለው ጎንጨት አሉና ፊታቸውን አኮማተሩ። «እንዴ! ይናከሳል!»

«ይታገሡት ሙሴ» አልኳቸው። «ቁጣው እስኪበርድ።»

«ወይን ነው ወይስ አማት?» አሉኝ። ሁሉም ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ሥጋው ተበላ። እንደገና ቀዳሁላቸው።

አክስቴ፣ ያን ጊዜ የሆነውን እንዴት ልግለጽልዎ። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ መጀመሪያ የመጣው ከጥድ ጫካው በላይ ባለው መንገድ ወደ ባሕር ስንወርድ የሚሸተው ሽታ ነው፤ ሙጫና ጨው። ቀጥሎ የደረቀ ቼሪ። ስጠጣው ቀላል ነው፤ አይከብድም፣ አያሰክርም፤ ግን ከዋጥኩት በኋላ አልሄደም። ምላሴ ላይ ቁጭ አለ፤ እንደዚያ ነፋስ ከንፈር ላይ የሚተወው ጨው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከዚያ አሸዋ ላይ አድጌ የአሸዋውን ወይን የቀመስኩት ገና ያን ዕለት ነው።

ሙሴ ራቲዬ ቀስ ብለው ጎንጨት አሉ። ብርጭቆውን ለእናታቸው ሰጧቸው። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አባቴ ከቅማሉ መቅሰፍት በፊት ያስቀመጠው ጥቂት ጠርሙስ ነበረው» አሉ ለልጃቸው። «የመጨረሻው የተከፈተው ለሠርጌ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ በአፌ አልገባም። ይኼ በገዛ እግሩ የቆመ ወይን ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የማን ነህ ልጄ?»

«የኩስቶዲዮና የኤርመሊንዳ ቤት ልጅ ነኝ እማማ» አልኳቸው። ለፈረንሳይ ሰው የቤቴን ስም ስናገር አንገቴ ቀና ያለው ያን ቀን ነው።

ሙሴ ራቲዬ ቆባቸውን አወለቁ። ስለ ጉድጓዱ ጠየቁኝ፤ ስለ ሴቶቹ ነገርኳቸው፤ ስለ ዘጠኙ ቅርጫት። እሳቸውም ለስፔኖቹ ደግመው ነገሯቸው፤ እያጋነኑ። ሲያጋንኑ አላረምኳቸውም።

አይሸጥ አክስቴ። ቀድመውኛል፤ አውቃለሁ፤ ግን የኔም ቃል ይሁን። አይሸጥ። ለአባቴም ወይኑን አሁን ያውቀዋል ብለው ይንገሩልኝ።

ልጅዎ፣
ዜፈሪኖ


ናርቦን አጠገብ
ሜይ 19 ቀን 1974

ለተከበሩት አክስቴ፣

የዘመናት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ባለፈው ወር የአገራችን መንግሥት መውደቁን በሬዲዮ ስንሰማ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ትቶ አቀፈኝ። አሁን ደግሞ ከጥሪው ለሸሸን ምሕረት መደረጉን ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። መንገዱ ክፍት ነው። ይህን ቃል በፖስታ መጻፍ መቻሌ ራሱ ይገርመኛል።

ሙሴ ራቲዬ በመኸር ሥራ ሊተዉ ነው። ቦታውን አንተ ያዝልኝ ብለውኛል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ቤትም አለው። እስከ ሴፕቴምበር መልስ እሰጣለሁ አልኳቸው።

በእነዚህ ዓመታት አባቴ በእርስዎ ብዕር ሰላም ብሎኛል፤ ስለ ወይኑም ነግሮኛል። ና ግን ብሎኝ አያውቅም። ድሮ ሊለኝ አይችልም ነበር። አሁን ይችላል። ይለኛል ወይ?

ዜፈሪኖ


ካዛል ዶ ሙሽጎ
ጁን 8 ቀን 1974

ለዜፈሪኖ፣

እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን፤ ይህን ወር ያሳየን። ዘንድሮ ዘብ የሚፈራ የለም፤ ኢዳሊና አንዱን በአደባባይ አቅፋ ሳመችው፤ ከሷ ይልቅ እሱ ፈራ። ታናሽ ልጇ ከአንጎላ እግሩም እጁም ሳይጎድል ሊመለስ ነው።

ጥያቄህን ለአባትህ አነበብኩለት። «ብዕርሽን ያዢ። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊ» አለኝ። እነሆ ቃሉ፦

«ልጄ ዜፈሪኖ። ጤና ነኝ። እግሬ ያው ነው። ና አልልህም። ሰው አገር ትልቅ ሰው ሆነሃል፤ ደስ ብሎኛል። እኔ ማንንም ና ብዬ ለምኜ አላውቅም። ሴቶቹ የቆፈሩት ዘንድሮ ከዳር እስከ ዳር ፍሬ ይዟል። ዘለላው ትንሽ ነው፣ ቆዳው ወፍራም ነው፤ እንደሚገባው ነው። ለቀማው በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። ብትኖርም ባትኖርም ይለቀማል። እዚህ ወይን በሰው እጅ ማነስ መሬት ላይ ቀርቶ አያውቅም። ይህን እወቅ። አባትህ ኩስቶዲዮ።»

ያስጻፈኝ ይህን ነው። እሱ ማንበብ ስለማይችል ቀጥሎ ያለው የኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት እንቁላል ይዤለት ብገባ ሳሎን አጣሁት። አንተ ትተኛበት የነበረው ክፍል ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ምርኩዙን ግድግዳ አስደግፎ፣ ኖራ ይቀባል። እጁ እስከሚደርስበት ቀብቶ ጨርሷል። በርጩማውን ጎትቶ፣ አርፎ፣ ደግሞ ጎትቶ፣ ዙሪያውን አዳርሶታል። ባርኔጣው፣ ቅንድቡ፣ ጫማው ሁሉ ነጭ ነው።

«ኩስቶዲዮ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ርጥበት ገብቶበታል» አለኝ።

በጁን ወር፣ ዜፈሪኖ! ዝናብ ካየን ሦስት ሳምንት ሊሆነን ነው።

ብሩሹን ተቀበልኩትና እጁ ያልደረሰበትን የላይኛውን እኔ ቀባሁለት። እሱ ከታች ሆኖ «እዚያ ጋ ዘለልሽ፣ እዚህ ጋ አቀጠንሽ» እያለ ሲሰድበኝ ዋለ። አሁን መስኮቱን ከፍተን ትተነዋል። በዚህ ነፋስ ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ የሚተኛበት ሰው ነው የሚያስፈልገው።

አክስትህ፣
ኤርመሊንዳ